ፀረ-ፈንገስ መድኃኒትን በደም ውስጥ መለካት፦ የትኛው ይለካ፣ የትኛው ይቅር፣ መለኪያ በሌለበትስ ምን ይመረጥ?

ሁለት ሕሙማን በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ተኝተዋል እንበል። የሁለቱንም ሳንባ አስፐርጊለስ የተባለው ፈንገስ ወሮታል፤ ሁለቱም ጠዋትና ማታ 200 ሚሊግራም ቮሪኮናዞል ይውጣሉ። በአምስተኛው ቀን ደማቸው ሲመረመር በአንዱ በሊትር 0.3 ሚሊግራም፣ በሌላው 7 ሚሊግራም ይገኛል። የመጀመሪያው ሰው መድኃኒት እየዋጠ ሕክምናው ገና አልደረሰውም። ሁለተኛው ሌሊት ሌሊት ግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያየ ይጮሃል። በሁለቱም ካርድ ላይ የተጻፈው ትእዛዝ ግን አንድ ነው። ሕሙማኑ ለምሳሌ ያህል የቀረቡ ናቸው፤ ልዩነቱ ግን የተጋነነ አይደለም። ቮሪኮናዞልን አዘውትሮ የሚያዝ ባለሙያ ሁሉ ያውቀዋል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶችና ለነርሶች ነው። ከታመመ ዘመዳቸው አልጋ አጠገብ ተቀምጠው «ደሙ ለምን ተደጋግሞ ይቀዳል?» ብለው ለሚጠይቁ ቤተሰቦችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፦ የመድኃኒቱ ምርጫና የልኬቱ ጉዳይ በአንድ ላይ መወሰን አለባቸው። መለካት ያለበት መድኃኒት ሲታዘዝ፣ ናሙናው መቼ እንደሚቀዳ፣ የት እንደሚላክና ውጤቱ ሲመጣ መጠኑን የሚያስተካክለው ማን እንደሆነ በዚያው ሰዓት መታወቅ አለበት። ይህ ካልተቻለ ሌላ መድኃኒት መፈለግ ይሻላል።

ልኬት የሚጠቅመው መቼ ነው?

የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድን ሰው መድኃኒቱን በደሙ ውስጥ አንለካም፤ ግፊቱን እንለካለን። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰውም ስኳሩን እናያለን። ወደ ሰውነት ውስጥ ዘልቆ በገባ የፈንገስ በሽታ ግን እንዲህ ያለ ቀላል ምልክት የለም። ትኩሳቱ ከሌላ ነገር ሊመጣ ይችላል። በአስፐርጊለስ የተጠቃ ሳንባ ደግሞ ሕመምተኛው እየዳነም ቢሆን በመጀመሪያው ሳምንት በሲቲ ስካን ላይ የባሰበት መስሎ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን በዓይን አይተን እስክናረጋግጥ ብንጠብቅ ጊዜው ያልፋል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም ይለካ ማለት አይደለም። ልኬት ዋጋ የሚኖረው አንድ ዓይነት መጠን በተለያዩ ሰዎች ደም ውስጥ እጅግ የተለያየ ክምችት ሲፈጥር፣ ክምችቱም ከመዳን ወይም ከመጎዳት ጋር የታወቀ ግንኙነት ሲኖረው ነው። ይህን ወንፊት ይዘን መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ብናሳልፋቸው ገሚሶቹ ወዲያውኑ ከዝርዝሩ ይወጣሉ።

መለካት የማያስፈልጋቸው

አምፎቴሪሲን ቢን በደም ውስጥ መለካት በዕለታዊ ሕክምና አይጠቅምም። ከጉዳቱ ለመጠበቅ የሚያስፈልገው የኩላሊት ምርመራ፣ ማለትም ክሪያቲኒን፣ እንዲሁም ፖታሲየምና ማግኒዚየም ነው። እነዚህን ችላ ብሎ ስለመድኃኒቱ ክምችት መጨነቅ ቅደም ተከተሉን ማዛባት ነው። በደም ሥር የሚሰጡት እነ ካስፖፈንጂን፣ ሚካፈንጂንና አኒዱላፈንጂንም በመደበኛነት አይለኩም።

ፍሉኮናዞል ጥሩ ባሕርይ ያለው መድኃኒት ነው። ከተዋጠው ከ90 በመቶ በላይ ወደ ደም ይገባል፤ ምግብም ሆነ የጨጓራ አሲድ ብዙ አያውከውም፤ መጠኑ በእጥፍ ሲጨምር ክምችቱም በእጥፍ ይጨምራል። በአብዛኛው በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ሲደክም መጠኑ ይቀነሳል። በኩላሊት እጥበት ላይ ያለ ወይም በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚገኝ ሰው ሕክምናው አልሠራ ሲል መለካት ሊታሰብ ይችላል፤ ከዚያ ውጪ ግን ገንዘቡም ደሙም ለሌላ ይዋል።

ቮሪኮናዞል፦ ከሁሉም በፊት መለካት ያለበት

ልኬት ለአንድ መድኃኒት ብቻ ተፈቅዷል ብባል የምመርጠው ይህን ነው። ቮሪኮናዞልን የሚሰባብረው በዋናነት በጉበት ውስጥ የሚገኘው ሲዋይፒ-2ሲ19 የተባለ ኢንዛይም ነው፤ የዚህ ኢንዛይም ጉልበት ደግሞ ከሰው ሰው በውርስ ይለያያል። በዚያ ላይ ኢንዛይሙ በአዋቂዎች ላይ በቀላሉ ይጠግባል። ከጠገበ በኋላ ጥቂት የተጨመረ መድኃኒት ብዙ ሆኖ ይከማቻል። መጠኑ ከ200 ወደ 300 ሚሊግራም ከፍ ሲል፣ ማለትም በግማሽ ሲጨምር፣ ሰውነት የሚያገኘው መድኃኒት በአማካይ 2.5 እጥፍ ይሆናል። በወረቀት ላይ ትንሽ የምትመስለው ጭማሪ አልጋው ላይ ላለው ሰው ትልቅ ናት። በልጆች ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያስወግዱ ለክብደታቸው ከአዋቂ የበለጠ መጠን ያስፈልጋቸዋል፤ የአዋቂ ስሌት የተሰጠው ሕፃን ሳይታከም ሊቀር ይችላል።

ሌላም አለ። ሰውነት በብርቱ እብጠትና ቁጣ ውስጥ ሲሆን፣ ይህም ሲአርፒ በተባለው የደም ምርመራ ይታያል፣ ጉበት ቮሪኮናዞልን የመሰባበር አቅሙ ይቀንስና ክምችቱ ከፍ ይላል። ሕመምተኛው ሲያገግም ደግሞ በዚያው መጠን ላይ እያለ ክምችቱ ይወርዳል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት «ጥሩ ነው» የተባለ ውጤት በሦስተኛው ሳምንት ጥሩ ላይሆን ይችላል። አንድ ጊዜ ለክቶ መተው እዚህ ላይ ያሳስታል።

በብዙ ማዕከላት የሚፈለገው፣ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት በሊትር ከ1 እስከ 5.5 ሚሊግራም ገደማ ነው። በሽታው አንጎል ውስጥ ከገባ ወይም ከተስፋፋ ብዙዎች ከ2 በላይ እንዲሆን ይፈልጋሉ። እነዚህ ድንበሮች ከየት እንደመጡ ማወቅ ይጠቅማል። በ2008 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከስዊዘርላንድ ሎዛን በወጣ የ52 ሕሙማን ጥናት፣ ክምችታቸው 1 ወይም ከዚያ በታች ከነበሩት መካከል ሕክምናው ያልሠራላቸው 46 በመቶ ሲሆኑ፣ ከ1 በላይ ከነበሩት ግን 12 በመቶ ነበሩ። ከ5.5 በላይ ከወጡት ውስጥ ደግሞ 31 በመቶ የሚሆኑት የአእምሮ መታወክ ደርሶባቸዋል። በ2012 በደቡብ ኮሪያ 110 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው የገሚሶቹ መጠን በልኬት እየተስተካከለ፣ የገሚሶቹ ሳይለካ ሕክምናው ተካሄደ። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት መድኃኒቱን ያቋረጡት ከተለኩት 4 በመቶ፣ ካልተለኩት 17 በመቶ ነበሩ፤ ሕክምናው የሠራላቸው ደግሞ 81 በመቶ ለ57 በመቶ። በኋላ በኔዘርላንድስ በተካሄደ ሙከራ በሁለቱ ወገኖች መካከል እንዲህ ያለ ግልጽ ልዩነት አልታየም። ይህን መሸሸግ አልፈልግም። እኔ ግን ከልኬት ወገን ነኝ፤ ምክንያቱም የአማካዩ ሰው ውጤት ተመሳሳይ በሆነበት ሙከራ ውስጥም በ0.3 እና በ7 ላይ ያሉት ሰዎች አሉ፤ ማን እንደሆኑ ሳይለካ ማወቅ አይቻልም።

በሁለተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል የመጀመሪያው ናሙና ይቀዳ። ይህ የሚሠራው የመጀመሪያው ቀን ከፍተኛ የመነሻ መጠን ከተሰጠ ነው፤ ካልተሰጠ ክምችቱ ለመረጋጋት ብዙ ቀን ይወስዳል። የሚዋጠው ክኒን በባዶ ሆድ፣ ከምግብ አንድ ሰዓት ቀድሞ ወይም አንድ ሰዓት ቆይቶ መሆን አለበት፤ ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ሰውነት የሚያገኘው መድኃኒት በሩብ ያህል ይቀንሳል።

ፖሳኮናዞል፦ ፈሳሹና ክኒኑ አንድ አይደሉም

ፖሳኮናዞል በስም አንድ ይሁን እንጂ በተግባር ሁለት መድኃኒት ነው። የሚጠጣው ፈሳሽ በደንብ የሚገባው ከምግብ፣ በተለይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲሆን ነው፤ በባዶ ሆድ ከተወሰደው ጋር ሲነጻጸር ክምችቱ ወደ 4 እጥፍ ይደርሳል። የጨጓራ አሲድ የሚቀንሱት እነ ኦሜፕራዞል፣ ተቅማጥና ማስታወክ ሁሉ ይጎዱታል። ከ2013 ጀምሮ የመጣው ክኒን በአንጻሩ አንጀት ውስጥ ደርሶ የሚፈታ በመሆኑ ከአሲድ ጋር ጠብ የለውም፤ ምግብም ቢረዳው እንጂ ያለ ምግብ አይከሽፍም። መጠኖቹም የተለያዩ ናቸው፦ ክኒኑ በመጀመሪያው ቀን 300 ሚሊግራም ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ በቀን አንድ ጊዜ 300 ነው። ፈሳሹን በክኒን፣ ክኒኑን በፈሳሽ ሚሊግራም ለሚሊግራም መተካት አደገኛ ስሕተት ነው።

እዚህ ላይ በማንኛውም የውጭ አገር መመሪያ ውስጥ ያላገኘሁትን የእኛን ጉዳይ ላንሳ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይቀምስ ቆይቶ በቀን አንዴ ሽሮ ወይም ምስር የሚበላ ሕመምተኛ፣ «ከሙሉ ምግብ ጋር በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለውን ፈሳሽ እንዴት ሊወስድ ይችላል? ይወስደዋል፤ ግን ሁለቱን ጊዜ በባዶ ሆዱ ይሆናል። በረመዳን የሚጾምም እንዲሁ ነው። ሐኪሙ ካልጠየቀ ሕመምተኛው አይናገርም፤ የታመመ ሰው ጾምን ማቆም እንደሚፈቀድለት እያወቀ እንኳ በሕመሙ ጊዜ ከፈጣሪው ጋር መቀራረብ የሚፈልግ ብዙ ነው። ስለዚህ በአክብሮት ይጠየቅ፤ የነፍስ አባቱን ወይም ኢማሙን እንዲያማክር ይነገረው። ምርጫ ካለ ደግሞ በቀን አንዴ የሚወሰደው ክኒን ከጾሙ ጋር ይስማማል፦ ከዋናው ምግብ ጋር ይዋጣል፣ ያበቃል። የጾም ወጥ በዘይት የተሠራ ከሆነም ቅባት አለው፤ ቅቤ የግድ አይደለም።

ለመከላከያ ሲሰጥ ከ0.7 ሚሊግራም በሊትር በላይ፣ ለሕክምና ሲሆን ከ1 በላይ ይፈለጋል። መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ ናሙናው ከሳምንት ገደማ በኋላ ይቀዳል። በፈሳሹ ላይ ያለን ሰው ሁሉ መለካት አለብን። በክኒን ላይ ያለው ሰው ብዙውን ጊዜ በቂ ክምችት ያገኛል፤ ነገር ግን በጣም ወፍራም ከሆነ፣ ተቅማጥ ካለበት ወይም በሽታው እየገፋ ከሄደ ይለካ። በክኒኑ ዘመን አዲስ ሥጋት ተጨምሯል፦ ክምችቱ ሲበዛ የደም ግፊት ከፍ ይላል፣ ፖታሲየምም ይወርዳል። ግፊቱ ሳይታሰብ የወጣ ሕመምተኛ ሲገጥም የግፊት መድኃኒት ከመጨመር በፊት ፖሳኮናዞሉን ማሰብ ያስፈልጋል።

ኢትራኮናዞል፦ ቁጥሩ ከየትኛው መሣሪያ ወጣ?

ኢትራኮናዞል ርካሽ ነው፣ ለወራት ይወሰዳል፤ ከሳንባ ነቀርሳ በኋላ በተቦረቦረ ሳንባ ውስጥ የሚሰፍረውን ሥር የሰደደ የአስፐርጊለስ በሽታ ለማከምም ያገለግላል። ካፕሱሉ ምግብና አሲድ ይፈልጋል፤ የሚጠጣው ፈሳሽ ግን በባዶ ሆድ ነው የሚሻለው። ይህን መገላበጥ በየፋርማሲው የሚያጋጥም ስሕተት ነው። ለካፕሱል ሕመምተኛ ኦሜፕራዞል መስጠት መድኃኒቱን በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው መንጠቅ ነው፤ ኦሜፕራዞሉ የግድ ካስፈለገ ካፕሱሉን ከኮካ ኮላ ጋር መዋጥ መግባቱን ያሻሽለዋል።

መድኃኒቱ እየተጠራቀመ የሚሄድ ስለሆነ ናሙናው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ይቀዳል። የሰዓቱ ጉዳይ እንደ ቮሪኮናዞል አያስጨንቅም፤ በቀኑ ውስጥ ክምችቱ ብዙም አይለዋወጥም። የሚያስጨንቀው የመለኪያው ዘዴ ነው። ጉበት ኢትራኮናዞልን ሲለውጠው የሚወጣው ሃይድሮክሲ-ኢትራኮናዞል እርሱም ፈንገስ ይገድላል። ሕያው ፈንገስ ላይ በሚሠራ የድሮ ዘዴ ሲለካ ሁለቱም አብረው ስለሚቆጠሩ ቁጥሩ ከ2 እስከ 10 እጥፍ ከፍ ብሎ ይወጣል። በዚያ ዘዴ የሚፈለገው ከ5 እስከ 17 ሲሆን፣ መድኃኒቱን ለብቻው ለይቶ በሚለካ መሣሪያ ግን በትንሹ ከ0.5 እስከ 1፣ ቢበዛ ደግሞ 4 ገደማ ነው። አንድ ሕመምተኛ ከአንድ አገር ወደ ሌላው ሲዛወር «4» የሚል ወረቀት ይዞ ቢመጣ በአንዱ ዘዴ ያነሰ፣ በሌላው ላይኛው ድንበር ላይ የደረሰ ነው። ዘዴው ያልተጻፈበት ቁጥር ላይ ተመሥርቶ መጠን መቀየር አይገባም። እግር ማበጥና የትንፋሽ ማጠር ከታየ ደግሞ ውጤቱን ሳይጠብቁ ልቡን ይመርምሩ፤ ይህ መድኃኒት ልብን ሊያደክም ይችላል።

ፍሉሳይቶሲን፦ የምንፈራው ከመጠን በላይ መሆኑን ነው

በሌሎቹ ላይ በይበልጥ የምንሠጋው እንዳያንስ ነው፤ በፍሉሳይቶሲን ላይ ግን እንዳይበዛ ነው። ከ90 በመቶ በላይ በኩላሊት ሳይለወጥ ይወጣል። አብሮት የሚሰጠው አምፎቴሪሲን ደግሞ ኩላሊትን ያደክማል፤ አንዱ የሌላውን መውጫ በር ይዘጋል ማለት ነው። ከተወሰደ ከሁለት ሰዓት በኋላ የሚለካው ከፍተኛ ክምችት ከ30 እስከ 80 ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከ100 ሲያልፍ የአጥንት መቅኔ ይጎዳል፣ ነጭ የደም ሴሎችና ፕላትሌት ይወርዳሉ፣ ጉበትም ይነካል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ መለካት ያስፈልጋል።

ይህ መለኪያ ባለበት አገር ነው። ፍሉሳይቶሲን የሚሰጥለት፣ ክሪፕቶኮከስ የተባለው ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር በብዛት የሚገድለው ግን መለኪያ በሌለበት፣ በአፍሪካ ከኤችአይቪ ጋር በሚኖሩ ሰዎች ላይ ነው። ደስ የሚለው፣ መልሱም የመጣው ከዚሁ ከአህጉራችን መሆኑ ነው። በቦትስዋና፣ በማላዊ፣ በደቡብ አፍሪካ፣ በኡጋንዳና በዚምባብዌ የተካሄደውና በ2022 የታተመው አምቢሽን የተባለው ሙከራ፣ በኪሎ 10 ሚሊግራም ሊፖሶማል (በጥቃቅን የስብ ከረጢቶች የታሸገ) አምፎቴሪሲን አንድ ጊዜ ብቻ ሰጥቶ ለ14 ቀናት ፍሉሳይቶሲንና ፍሉኮናዞል ማስከተል ከቀደመው ሕክምና እንደማያንስ፣ ጉዳቱም እንደሚቀንስ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ተቀበለው። ኩላሊቱ በአንድ ሳምንት ዕለታዊ አምፎቴሪሲን ካልተደበደበ ፍሉሳይቶሲኑም መውጫ ያገኛል። እንዲህ ባለው አጭር ሕክምና የደም ሴል ቆጠራና ክሪያቲኒን በየጥቂት ቀኑ ማየት የልኬቱን ቦታ በአብዛኛው ይሸፍናል። ኩላሊቱ አስቀድሞ የደከመ ሰው ላይ ግን አይሸፍንም፤ እዚያ መጠኑ ከመጀመሪያው ጀምሮ በኩላሊቱ አቅም ይሰላ።

ኢሳቩኮናዞል፦ ከልኬት ማምለጫ

ከ2015 ጀምሮ በገበያ ላይ ያለው ኢሳቩኮናዞል ክምችቱ ከሰው ሰው ብዙ አይዋዥቅም፤ ከአሲድም ከምግብም ነፃ ነው። በ2016 በታተመው ትልቅ ንጽጽር በአስፐርጊለስ ላይ ከቮሪኮናዞል አላነሰም፤ በጉበት፣ በዓይንና በቆዳ ላይ ያደረሰው ጉዳትም ያነሰ ነበር። በመደበኛነት አይለካም። ሕፃን፣ በጣም ወፍራም ሰው ወይም ሕክምናው ያልሠራለት ሰው ሲሆን ብቻ ይታሰባል። ጉድለቱ ዋጋውና በብዙ አገሮች አለመገኘቱ ነው።

ሪፋምፒሲን ካለ ልኬት አያድንም

በኢትዮጵያ ለሚሠራ ባለሙያ ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ይህ ነው፦ ሕመምተኛው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰደ ነው? ከእነዚህ መድኃኒቶች አንዱ የሆነው ሪፋምፒሲን ጉበትን ቀስቅሶ የቮሪኮናዞልን ክምችት በ96 በመቶ ያወርደዋል፤ ኢሳቩኮናዞልንም በዚያው ልክ ጠርጎ ያወጣዋል፤ ኢትራኮናዞልም ከደም ውስጥ ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ሲሆን «እየለካን መጠኑን እንጨምር» የሚለው ሐሳብ ከንቱ ድካም ነው፤ ቢጨመርም አይደርስም። ፍሉኮናዞል የሚቀንሰው በሩብ ያህል ስለሆነ ለእርሱ መጠን መጨመር ይሠራል። ለሌሎቹ ግን ወይ ሪፋምፒሲኑን በሌላ መተካት፣ ወይ በአምፎቴሪሲን ማከም ነው ያለው ምርጫ። ሪፋምፒሲኑ ከቆመ በኋላም ኃይሉ ወደ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኒቶይን፣ ፌኖባርቢታልና ካርባማዜፒንም ከዚሁ ወገን ናቸው። በተለይ ፌኖባርቢታል በአገራችን በስፋት ስለሚታዘዝ ሕመምተኛው ራሱ እንደ ተራ ነገር ቆጥሮት ሳይናገር ሊቀር ይችላል።

የዘረመል ምርመራ ወይስ የደም ልኬት?

የሲዋይፒ-2ሲ19 ዘረመል ምርመራ በሕይወት ዘመን አንድ ጊዜ ብቻ ይደረጋል፤ መድኃኒቱ ከመጀመሩም በፊት ሊታወቅ ይችላል። ለእኛ የተለየ ትርጉም አለው። መድኃኒትን በጣም ቶሎ የሚያስወግደው «ኮከብ 17» የተባለው ዝርያ በ2006 ይፋ ሲሆን ከስዊድናውያንና ከቻይናውያን ጋር ኢትዮጵያውያንም ተጠንተው ነበር፤ በስዊድናውያንና በኢትዮጵያውያን 18 በመቶ፣ በቻይናውያን 4 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በስሌት ሲታይ ከሦስት ኢትዮጵያውያን አንዱ ገደማ ቢያንስ አንድ ቅጂ ይይዛል ማለት ነው። በተቃራኒው መድኃኒቱን ጨርሶ ቀስ ብለው የሚያስወግዱም በመካከላችን አሉ። ስለዚህ በዋሽንግተንም ሆነ በቴል አቪቭ ሆስፒታል የተኛ ኢትዮጵያዊ ቮሪኮናዞል ሲጀመርለት «የተለመደው መጠን ይበቃዋል» ብሎ መገመት መሠረት የለውም። በ2016 የወጣው ዓለም አቀፍ የዘረመል መመሪያም ቶሎ ለሚያስወግዱ አዋቂዎች ሌላ መድኃኒት እንዲመረጥ ይመክራል።

እንዲያም ሆኖ ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብባል የደም ልኬትን እመርጣለሁ። ዘረመል እብጠቱን፣ ምግቡን፣ ሌሎቹን መድኃኒቶችና የተረሳውን ክኒን አያይም፤ ደም ግን ሁሉንም ደምሮ ያሳያል። የዘረመል ምርመራ ቦታው፣ ሕክምናው ወራት እንደሚወስድ ሲታወቅ ወይም መጠኑ ደጋግሞ ተጨምሮ ክምችቱ ከፍ አልል ሲል ነው።

ናሙናው በትክክል ካልተቀዳ

ስለ ላቦራቶሪው ዘዴ በአጭሩ፦ ሊኩዊድ ክሮማቶግራፊ ከማስ ስፔክትሮሜትሪ ጋር የተጣመረበት መሣሪያ ትክክለኛው ነው፤ ብዙ መድኃኒቶችን በአንድ ናሙና ይለካል፤ ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ያለ ማስ ስፔክትሮሜትሪ የሚሠራው ክሮማቶግራፊም ለሥራው ይበቃል። በተራ የላቦራቶሪ መሣሪያ የሚሠራው የቮሪኮናዞል ኢሚዩኖአሴ (በፀረ እንግዳ አካል የሚለካ ዘዴ) ውጤቱን በዚያው ቀን ስለሚያደርስ፣ ትክክለኛነቱ ጥቂት ቢያንስ እንኳ ዘግይቶ ከሚደርስ ፍጹም ቁጥር እመርጠዋለሁ። በሕያው ፈንገስ የሚለካው ሁለት ፀረ-ፈንገስ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ሁለቱንም ስለሚደምር አይታመንም።

ከመሣሪያው ይልቅ ውጤትን የሚያበላሸው አቀዳዱ ነው። አንድ ጊዜ የአንድ ሕመምተኛ ቮሪኮናዞል ከሚጠበቀው እጅግ ከፍ ብሎ መጣ፤ መጠኑን በግማሽ ለመቀነስ ተቃርበን ነበር። አንዲት ነርስ «ደሙ የተቀዳው መድኃኒቱ ከሚሰጥበት ቱቦ ነው» ባትለን ኖሮ ደህና የነበረውን ሰው ወደ አደጋ እንከተው ነበር። በሌላ ክንድ እንደገና ተቀዳ፤ ውጤቱ 2.1 ሆነ። ከዚያ ወዲህ ከፍተኛ ቁጥር ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው ናሙናው ከየት ክንድ፣ በስንት ሰዓት እንደተቀዳ ነው። በመጠየቂያው ወረቀት ላይ የመጨረሻው መጠን የተሰጠበት ሰዓት፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን፣ ክኒን ይሁን ፈሳሽ ወይም በደም ሥር፣ አብረው የሚወሰዱት መድኃኒቶችም ይጻፉ። ጄል ያለበት ቱቦ አንዳንድ መድኃኒቶችን ሊመጥ ስለሚችል ላቦራቶሪው የሚፈልገው ቱቦ አስቀድሞ ይጠየቅ።

መለኪያ በሌለበት

ልኬቱ ጨርሶ ከሌለ ወይም ውጤቱ ሳምንታት የሚወስድ ከሆነ ምርጫው ወደ መድኃኒቱ ይመለሳል። ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ደም ውስጥ ከገባ በካስፖፈንጂን ወይም በመሰሎቹ ጀምሮ፣ ፈንገሱ የሚሸነፍለት ከሆነ ወደ ፍሉኮናዞል መሻገር ያለ ልኬት ይሄዳል። ለአስፐርጊለስ ኢሳቩኮናዞል ከተገኘ እርሱ፤ ካልተገኘ የፖሳኮናዞል ክኒን፤ በ2021 በታተመ ንጽጽር ከቮሪኮናዞል አላነሰም። ሁለቱም ከሌሉ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ከኩላሊት ክትትል ጋር።

በእጅ ያለው ቮሪኮናዞል ብቻ ከሆነስ? ይሰጥ፤ ሕይወት ያድናል። ግን የመነሻው መጠን አይዘለል፣ ስሌቱ በክብደት ይሁን፣ የጉበት ምርመራ በየሳምንቱ ይታይ። ሕመምተኛውና ቤተሰቡ በየቀኑ ይጠየቁ፦ ብርሃን ይበዛበታል? ቀለም ይለወጥበታል? የሌለ ነገር ያያል? የዓይን ለውጡ ብዙውን ጊዜ ከተወሰደ በኋላ መጥቶ ይሄዳል፤ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት ግን ክምችቱ እንደበዛ ሊያሳይ ይችላል። እዚህ ላይ የቤተሰብ ዓይን ከማንም ይበልጣል፤ «ዛሬ ንግግሩ ልክ አይደለም» የሚሉት እነርሱ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ግን መድኃኒቱን በራሳቸው ማቆም ሳይሆን ወዲያውኑ ለሐኪሙ መንገር ነው ያለባቸው።

ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ በሚሰጠው ደብዳቤ ላይ የመጨረሻው ክምችት ቁጥር፣ የተለካበት ቀንና ዘዴ፣ በዚያን ጊዜ ይወስድ የነበረው መጠን ይጻፍ፤ ከደም ሥር ወደ ክኒን ከተቀየረ፣ አዲስ መድኃኒት ከተጨመረ ወይም ከተቋረጠ፣ ጾም ከገባም፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ እንደገና እንዲለካ ቀጠሮው በዚያው ደብዳቤ ላይ ይያዝ።